የድሮ ቮልስ ስፒዶሜትር ገመድ፦ ሦስተኛውን ከመግጠምህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል አለው። መጀመሪያ የስፒዶሜትሩ መርፌ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቆይቶ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ተከተለ፤ በመጨረሻም መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ቀረ፣ የኪሎሜትር ቁጥሩም መቁጠር አቆመ። ገመዱ ተበጥሶ ስለተገኘ በአዲስ ተቀየረ። አዲሱም ብዙ ሳይነዳበት ተበጠሰ። «የገዛሁት ዕቃ የማይረባ ሆኖ ነው? ሦስተኛውን እኔው ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መቀየሩን አንተው ትችላለህ። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ መኪናውን የሚሸከም የብረት መደገፊያና ጥቂት ትዕግሥት ካለህ ይበቃል። ነገር ግን ሦስተኛውን ገመድ ከመግጠምህ በፊት ሁለተኛውን የበጠሰው ምን እንደሆነ እወቅ። በደንብ የተገጠመ ገመድ ለዓመታት ይሠራል። አዲስ ገመድ በቶሎ ከተበጠሰ ወይ ከላይ ስፒዶሜትሩ አልዞር ብሏል፣ ወይ ከታች ጎማው ጋ ያለው መያዣ ተበላሽቷል፣ አለዚያም ገመዱ የሚያልፍበት መንገድ ተጣሟል። የማይረባ ዕቃ ገበያ ላይ የለም አልልህም፤ አለ። አንተ የዘረዘርካቸው ምልክቶች ግን፣ በተለይ ድምፁ፣ እኔን ወደ ስፒዶሜትሩ ነው የሚወስዱኝ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ገመዱ ምን እንደሚያዞር ማወቅ ይጠቅማል። እንዲህ ዓይነቱን ስፒዶሜትር እ.ኤ.አ. በ1902 ኦቶ ሹልትሰ የተባለ ሰው ጀርመን ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ ያንተ ቮልስ ላይ ያለውም በዚያው መሠረታዊ ሐሳብ ይሠራል። ገመዱ አንድ ማግኔት ያዞራል። ከማግኔቱ አጠገብ ቀጭን የአሉሚኒየም ቆብ አለ፤ ሁለቱ አይነካኩም። ማግኔቱ ሲዞር በአሉሚኒየሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፣ ያ ጅረት ቆቡን ማግኔቱ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይጎትተዋል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። መርፌው የተተከለው በዚህ ቆብ ዘንግ ላይ ነው፤ ማግኔቱ በፈጠነ ቁጥር ሞላውን እያሸነፈ ከፍ ይላል። የኪሎሜትር ቁጥሩ ግን ከማግኔቱ ዘንግ ላይ በጥርስ ተያይዞ በቀጥታ ነው የሚዞረው።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። መርፌውም ቁጥሩም አብረው ከቆሙ ጥፋቱ ገመዱ ላይ ወይም ገመዱን በሚያዞረው ክፍል ላይ ነው። ቁጥሩ እየሄደ መርፌው ብቻ ከቆመ ገመዱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ቆቡና ሞላው አካባቢ ነው። መርፌው እየሠራ ቁጥሩ ከቆመም እንዲሁ ገመዱን አትንካው፣ የተበላው የቆጣሪው ጥርስ ነው። ይህን ሳይለዩ ገመድ የሚቀይሩ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ማግኔቱን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። ገመዱ የቀጠነውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የማግኔቱ ዘንግ የሚዞርበት ቡሽ፣ ማለትም ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት፣ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ የነበረው ዘይት ሙጫ ይሆናል። ያን ጊዜ ዘንጉ ይይዝና ገመዱ ይጠመዘዛል፣ በቂ ኃይል ሲጠራቀምበት ዘንጉ ድንገት ይለቅና መርፌው ይዘላል፣ እንደገና ይይዛል። አንተ መንቀጥቀጥ ብለህ ያየኸው ይህ ሊሆን ይችላል። የሰማኸው ሲጥ ሲጥ ደግሞ ደረቅ ቡሽ ላይ የሚዞር ብረት ድምፅ ነው። በመጨረሻ ዘንጉ ጨርሶ ሲይዝ ጎማው መዞሩን አያቆምምና ደካማው ክፍል ይበጠሳል። ደካማው ገመዱ ነው።

አሁን የተበጠሰውን ገመድ አምጣና በጥሩ ብርሃን ተመልከተው። ሁለቱንም ካልጣልካቸው ሁለቱንም እይ። የውስጡ ሽቦ አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም፤ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተደራርበው፣ አንዱ ድርብ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ተጠምጥሞ የተሠራ ነው። የበጠሰው የስፒዶሜትሩ መያዝ ከሆነ ስብራቱ አካባቢ ድርቦቹ ተፈትተው፣ ተላቀውና አብጠው ታገኛቸዋለህ፤ ብዙ ጊዜም ወደ ላይኛው ጫፍ ይቀርባል። በሹል መታጠፊያ ምክንያት የተበጠሰ ከሆነ ሽቦው በአንድ በኩል ተፍቆ ያበራል፣ ስብራቱም ልክ ከመታጠፊያው ቦታ ጋር ይገጥማል። ቡናማ ዱቄት የሚረግፍበት ዝገት ካየህ ውኃ ገብቶበታል፤ ቢትል ላይ ውኃው የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከታች፣ ከጎማው በኩል ነው። ስብራቱ ልክ አራት ማዕዘኑ ጫፍ ሥር ከሆነ ደግሞ የጎማውን ቆብ ጠርጥር፤ እሱን ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ስፒዶሜትሩን መፈተን ነው፤ ከሁሉ በላይ እንድትሠራው የምፈልገው ይህን ነው። የፊት ኮፈኑን ክፈትና ዳሽቦርዱን ከጀርባ የሚሸፍነውን ካርቶን አንሳ፣ የስፒዶሜትሩ ጀርባ ይታይሃል። እጅህን ከመክተትህ በፊት ግን ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ነጌቲቩን ፍታ። እዚያ ጀርባ ያሉት የሽቦ ጫፎች አብዛኞቹ ሽፋን የላቸውም፣ አንተም የምትሠራው ከነዳጅ ታንከሩ ጎን ነው። አንዲት ብልጭታ እንኳ መኖር የለባትም።

ገመዱን የያዘውን ክብ ዳዶ በጣትህ ፈትተህ ገመዱን ወደ ኋላ ሳበው። ስፒዶሜትሩ ጀርባ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ታያለህ። ከተበጠሰው ገመድ የላይኛውን ጫፍ ጥቂት ሴንቲሜትር አስቀርተህ ቁረጥና ወደ ቀዳዳው ክተተው፤ ከዚያ በሁለት ጣትህ ብቻ አዙረው። በነፃነት፣ የትም ቦታ ሳይይዝ መዞር አለበት። ጣትህ ላይ ክብደት ከተሰማህ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ይዞ የሚለቅ ከሆነ፣ ገመድህን የበላው ተገኝቷል። በነፃነት ከዞረ ደግሞ ፈተናውን በትራፓኖ ጨርሰው፦ ቁራጩን ትራፓኖው ላይ አስረህ በዝግታ አዙር። ቢትል ላይ ገመዱ፣ ከስፒዶሜትሩ ጀርባ ሆነህ ስታየው፣ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ትራፓኖውን በመፍቻው አቅጣጫ አድርገው። በተቃራኒው ካዞርከው መርፌው ከዜሮ በታች ለመሄድ ይገፋል፣ ቁጥሩም ወደ ኋላ ይቆጥራል። የፊት ጎማህ አንድ ዙር ሲዞር በግምት 2 ሜትር ይሄዳል፣ ገመዱም ከጎማው ጋር እኩል ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ለአንድ ኪሎሜትር 500 ዙር አካባቢ ማለት ነው። ትራፓኖህ በደቂቃ 500 ዙር ቢዞር መርፌው 60 አካባቢ ሊቆም ይገባል። ፍጥነት እንዳታበዛበት፤ የምትፈልገው ለስላሳ አወጣጥ ነው እንጂ ከፍተኛ ቁጥር አይደለም።

ዘንጉ ከበደ እንበል። ለስፌት መኪና የሚሆን ቀጭን ዘይት በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ዘንጉ ቡሹ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ አድርግ፣ ለጥቂት ሰዓት ተወው፣ ደግመህ በጣት አዙር። አንዲት ጠብታ ያልኩት በምክንያት ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ውስጥ ይወርድና ማግኔቱና ቆቡ መሀል ይገባል፤ ዘይት ሲያገናኛቸው መርፌው አልወርድ ይላል ወይም የማይሆን ቁጥር ያሳያል። የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ፈጽሞ አትንፋበት። በዚህ ካልተፈታ ስፒዶሜትሩን አውጥተህ ለመሣሪያ ጠጋኝ ስጠው። መስታወቱን ራስህ ከፍተህ ከሞላው ጋር እንድትታገል አልመክርህም፤ ያ ሞላ አንዴ ከተጣመመ ልኩን የሚመልሰው ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ስፒዶሜትሩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወይም ከተጠገነ ወደ ጎማው እንውረድ። ቢትልን ከብዙ መኪኖች የሚለየው ይህ ነው፤ ገመዱ ከካምቢዮ ሳይሆን ከፊት ግራ ጎማ ነው የሚነሳው። በጎማው መሀል ያለው ዘንግ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ገመዱ ከኋላው ገብቶ በመሀሉ ያልፍና አራት ማዕዘን ጫፉ ኩሽኔታውን በሚሸፍነው የቆርቆሮ ቆብ ቀዳዳ በኩል ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ኮፒሊያ (ጫፉ የሚታጠፍ ቀጭን የሽቦ ቁልፍ) ወይም ትንሽ ክሊፕ ይዞታል። ጎማው ሲዞር ቆቡ ይዞራል፣ ቆቡ ገመዱን ያዞራል፤ ሌላ ጥርስ የለም።

የጎማውን ጌጥ ሽፋን አንሳና ቆቡን ቅረብ ብለህ እየው። ቀዳዳው አራት ማዕዘኑ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ሹል መሆን አለበት። ያረጀው ማዕዘኖቹ ተበልተው ወደ ክብነት ይጠጋል፣ ጠርዙም በመፋተግ ያብረቀርቃል። የገመዱን ጫፍ ክተትበትና በጣትህ ግራ ቀኝ አወዛውዘው፤ ለጥቂት ዲግሪ ባዶውን የሚሄድ ከሆነ ቆቡን ቀይር። ቆቡ ራሱም ተጠብቆ መቀመጥ አለበት። ብዙ ጊዜ በመዶሻ ሲመታ የኖረ ቆብ ይጣመምና ሲዞር ይወላገዳል፤ በያንዳንዱ ዙር የገመዱን ጫፍ ወዲያና ወዲህ እያጠፈው አራት ማዕዘኑ ሥር ይሰብረዋል። ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። አዲስ ቆብ ስትገዛ የግራውን ጠይቅ፣ የቀኙ ቀዳዳ የለውም። ቆቡን በግራሶ አትሙላው፤ ለኩሽኔታው የሚበቃው ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ነው፣ የተረፈው በገመዱ ዙሪያ እየገፋ ይወጣል። ለዚህ ሥራ የኩሽኔታውን ዳዶ መንካት አያስፈልግህም። ከነካኸው ግን የግራው ጎማ ዳዶ ጥርሱ የተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሳ።

ወደ ቅየራው። መኪናውን በደልዳላ መሬት አቁም፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፣ ፊቱን በክሪክ አንሥተህ በብረት መደገፊያ ላይ አስቀምጠው። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ማንም ሰው እጁንም ሆነ ጭንቅላቱን አያስገባ። የግራውን ጎማ ብታወጣው ሥራው ይቀልልሃል። ኮፒሊያውን አውጣ፣ ከዚያ ገመዱን ከዘንጉ ጀርባ ሳበው፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ከሆነ እየጠመዘዝክ ሳበው እንጂ አትንጠቀው።

አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ከማውጣትህ በፊት የላይኛው ጫፉ ላይ ረጅምና ጠንካራ ሲባጎ እሰር፣ በታች በኩል እየሳብክ አውጣው። ሲባጎው የገመዱን መንገድ ይዞ ይቀራል። አዲሱን ገመድ ሲባጎው ላይ አስረህ ከላይ ስትስበው በነበረበት መንገድ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱን ገመዶች ጎን ለጎን ዘርጋና አወዳድር፤ ርዝመት፣ የዳዶው ጥርስ፣ የአራት ማዕዘኑ ውፍረት። ገመድ በሞዴል ስም ብቻ አይገዛም፣ የሻንሲ ቁጥርህን ይዘህ ጠይቅ። ያጠረ ገመድ መሪው ሲዞር ይሳባል፣ የረዘመው ደግሞ የሆነ ቦታ መጠምዘዙ አይቀርም።

አዲሱንም ቢሆን ሳትፈትነው አትግጠመው። መሬት ላይ ሰፊ ቅስት አድርገህ ዘርጋው፣ አንዱን ጫፍ በጣትህ በዝግታ አዙር፣ ዓይንህን ሌላኛው ጫፍ ላይ አድርግ። ጣትህን ተከትሎ እኩል ከዞረ ደህና ነው። ቆም ብሎ፣ ቆም ብሎ ድንገት የሚዘል ከሆነ ውስጡ ታጥፏል፤ ይህ ገመድ እንዲሁ እየዘለለ ከተገጠመ መርፌህን ያንቀጠቅጠዋል። አዲስ ነው ብለህ አትለፈው፣ መልስ።

አብዛኛው አዲስ ገመድ ግራሶ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ውስጡ ተስቦ የሚወጣ ዓይነት ከሆነና ደርቆ ካገኘኸው ቀጭን ግራሶ በጣትህ ስስ አድርገህ ቀባው። ወደ ስፒዶሜትሩ የሚሄደውን የመጨረሻ 20 ሴንቲሜትር ግን በጨርቅ ጠርገህ ደረቅ ተወው። የሚዞር ሽቦ ቅባቱን ወደ ላይ እየገፋ ይወስዳል፣ መድረሻውም የስፒዶሜትሩ ውስጥ ነው። የሞተር ዘይት በፍጹም አይሆንም፤ ቀጭን ስለሆነ በቶሎ ይወጣል፣ ጉዳቱም ያው ከላይ የነገርኩህ ነው።

አስተላለፉ ላይ ጊዜ ውሰድ። ገመዱ የትም ቦታ ላይ ከ15 ሴንቲሜትር ያነሰ ሬዲየስ ባለው ኩርባ መታጠፍ የለበትም፤ በተለይ ከስፒዶሜትሩ ጀርባ ወዲያው እንዳይታጠፍ፣ ቢያንስ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀጥ ብሎ ይውጣ። የአካሉን ቆርቆሮ በሚያቋርጥበት ቦታ ያለው ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) ከደረቀ ወይም ከጠፋ አዲስ አድርግ፣ ባዶ ቆርቆሮ ሽፋኑን ይቆርጠዋል። ከዘንጉ ጀርባ የሚቀመጠውም ጎሚኒ ውኃ የሚከለክለው እሱ ነውና አትተወው። ታች የፍሬን ጎማ ቱቦ አጠገቡ ነው፤ ሁለቱ እንዳይፋተጉ አድርግ። ይህን ቸል አትበል፣ ፍሬን ነው።

ታች ጫፉ በቆቡ ቀዳዳ እንዲገባ አንድ ሰው ጎማው የሚታሰርበትን የፍሬን ከበሮ በዝግታ ያዙርልህ፣ አራት ማዕዘኑ ሲገጥም ራሱ ብቅ ይላል። አዲስ ኮፒሊያ አድርግ፤ አሮጌውን አቃንቶ መልሶ መጠቀም ጥሩ አይደለም፣ ከወደቀ ገመዱ ወደ ውስጥ ይሸሽና መርፌው ይቆማል። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙረህ ገመዱ እንደማይወጠር፣ ጎማው ላይም እንደማይደርስ አረጋግጥ።

የላይኛውን ዳዶ ከማሰርህ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ጎማውን በእጅ አዙርና ከላይ የወጣው ጫፍ መዞሩን እይ፤ ጎማው አንድ ዙር፣ ገመዱ አንድ ዙር። ሳይዘል ከዞረ ወደ ስፒዶሜትሩ አስገባው። አራት ማዕዘኑ ቀዳዳው ውስጥ በትክክል ሳይቀመጥ ዳዶውን ብታጠብቅ ገመዱ ወደ ኋላ ተገፍቶ በርዝመቱ ይጨናነቃል፣ ይህም አዲስ ገመድ ከሚበጥሱት አንዱ ነው። ዳዶው በጣት ብቻ ነው የሚጠብቀው። በጣት ተገፍቶ እስከ መጨረሻው የማይሄድ ከሆነ አራት ማዕዘኑ አልገባም ማለት ነው፤ ፒንሳ አታምጣ፣ ጎማውን ትንሽ አዙረህ እንደገና ሞክር።

ይህን የምታነቡ፣ ገመዱ ከካምቢዮ የሚነሳ ሌላ የድሮ መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ለእናንተም ይሆናል፤ የሚለየው የታችኛው ጫፍ ነው። እዚያ ካምቢዮው ውስጥ ባለ ዘንግ የሚዞር ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የብረት ጥርስ አለ። ገመዱን ስታወጡ ጥርሱንም አውጥታችሁ እዩት፣ የተበላ ጥርስ መርፌውን ያዘላል። ዙሪያውን የያዘው ጎሚኒ ካረጀ የካምቢዮ ዘይት ገመዱን ተከትሎ እስከ ስፒዶሜትሩ ይወጣል። ገመዳችሁን ስታወጡ በዘይት ርሶ ካገኛችሁት አዲስ ገመድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ያን ጎሚኒ አብራችሁ ቀይሩ። ገመዱን ከጭስ ማውጫው ቱቦ አርቁት፣ ሙቀት የላስቲክ ሽፋኑን አቅልጦ ከውስጡ ሽቦ ጋር ያጣብቀዋል።

ወደ አንተ ልመለስ። ባትሪውን አስረህ ስትነዳ መጀመሪያ ቀስ ብለህ ሂድ። በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ መርፌው ትንሽ ቢወዛወዝ አትደንግጥ፣ ብዙዎቹ የድሮ ስፒዶሜትሮች እንዲህ ናቸው። ፍጥነት ስትጨምር ግን ረግቶ መቆም አለበት። ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ ተመልሶ ከመጣ ያኔውኑ ዳር ይዘህ ቁምና ገመዱን ከታች አላቅቀው፦ የጎማውን ሽፋን አንሥተህ ኮፒሊያውን ካወጣህ በኋላ ጫፉን ከቆቡ ወደ ውስጥ ገፍተህ፣ እንዳይመለስና ጎማው ላይ እንዳይደርስ በሽቦ እሰረው። እንዲህ ካደረግህ ገመዱ ሳይበጠስ ወደ ቤትህ ትደርሳለህ፣ ስፒዶሜትሩንም ትጠግናለህ። የሚያሳየው ፍጥነት ልክ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ አንድ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ በስልኩ ጂፒኤስ ያወዳድርልህ። ልዩነቱ በሁሉም ፍጥነት ላይ በተመሳሳይ መቶኛ ከሆነ መጀመሪያ የጎማህን መጠን እይ። ከፋብሪካ ከወጣበት ያነሰ ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር መርፌው ከእውነቱ በላይ ያሳያል፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ገመድ አያስተካክለውም።